ሳይጨስ የተፈረመው ሣጥን፦ የአቶ ምንተስኖት ወልደ ሚካኤል ዜና ሕይወት

በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከዚሁ ከኩታበር ቀዬ ሥራችሁን ጥላችሁ ለቀብሩ የደረሳችሁ ወገኖች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ፀሐዩ ሳይበረታ የወንድማችንን የአቶ ምንተስኖት ወልደ ሚካኤልን ሕይወት ባጭሩ እናነብላችኋለን። ባጭሩ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ የእሳቸው ነገር ባጭሩ የሚነገር አልነበረም፤ አንድ ቦታ ረግተው ስለማያውቁ ታሪካቸውም አይረጋም።

ይህን ጽሑፍ እንዲያሰናዳ የታዘዘው ታናሽ ወንድማቸው ወንድምአገኘሁ ሲሆን፣ አቶ ምንተስኖት ድምፃቸው ሳይዘጋ በፊት አስጠርተውት፣ «አሳምረህ እንዳትጽፈኝ። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። እኔ እንጀራዬን የበላሁት እየቀመስኩ ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ በማለት ነው። የሣጥኑን ነገር ከዘለልከው ከሬሳ ሣጥኔ ተነሥቼ አስቆምሃለሁ» ብለውታል። ስለዚህ የሣጥኑ ነገር አይዘለልም፤ በቦታው ይመጣል።

አቶ ምንተስኖት ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሚካኤል አስረስና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ ይመር በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. በዚሁ በኩታበር ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሲያጫውቱ፣ ይህ ልጅ ዳዴ ሳይል ለመሮጥ የሚሞክር፣ ጡት እየጠባ እንኳ በር በሩን የሚያይ ነበር ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ሲደርስ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ሲደግሙ ግን አንዱን እግራቸውን አንሥተው ሌላውን እየጣሉ ስለ ነበር የኔታ «አንተ ልጅ፣ ዳዊት እኮ አያባርርም!» እያሉ ይሥቁባቸው እንደ ነበር የቀዬው ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ከዚያም ወደ ደሴ ሄደው አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ።

አባታቸው ቄስ ወልደ ሚካኤል ትምባሆን አጥብቀው የሚጸየፉ ካህን ነበሩ። ትምባሆ ከከሐዲው ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚለውን የአባቶች ወሬ እንደ ወንጌል ይዘው፣ ጋያ የሚያጨስ እንግዳ ድንገት ቤታቸው ገብቶ የወጣ እንደ ሆነ የተቀመጠበትን መደብ ጠበል ይረጩ ነበር። ይህን እዚህ ላይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ ካህን ልጅ ኋላ እንጀራው ከትምባሆ ቅጠል ሆነ።

አቶ ምንተስኖት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠሩ፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ገብተው ከማሽን ፊት ቆመው ክር ሲቀጥሉ ሦስት ዓመት ቆዩ። «አንድ ቦታ መገተር ከእስር ምን ይለያል?» ብለው እሱንም ተዉት። በመካከሉ በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋረጋ ተሰማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ወ/ሮ ነፃነትንና ወ/ሪት ፋሲካን ወለዱ። በ1982 ዓ.ም. ወደ ሮቢት ቆላ ወርደው በትምባሆ እርሻ ላይ የቅጠል ማድረቂያ ቤት ሠራተኛ፣ ኋላም የበላይ ጠባቂ ሆኑ፤ ለአባታቸው ግን «እርሻ ላይ ነኝ» ብቻ ነበር የሚሏቸው። ቄስ ወልደ ሚካኤልም ልጃቸው ማሽላ እያረሰ መስሏቸው መርቀውት ዐረፉ። እርጥቡን ቅጠል በጣት ዳብሰው፣ ደረቁን በጆሯቸው አጠገብ አሽተው የሚለዩበትን እውቀት ያገኙት በዚያ ሃያ ዓመት ነው።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት ኮምቦልቻ ላይ የሲጋር መጠቅለያ ድርጅት ከፈቱ፤ አቶ ምንተስኖትም ቅጠል አዋቂ ተብለው ከሮቢት መጥተው ተቀጠሩ። ሲጋር ያልነው ሱቅ የሚሸጠውን ቀጭኑን ሲጋራ አይደለም፤ ከሙሉ ቅጠል በእጅ የሚጠቀለለውን፣ እንደ አውራ ጣት የሚወፍረውንና ባሕር ተሻግሮ የሚሸጠውን ነው። ባለሀብቱ ሥራውን እንዲያሳዩ አንድ ሽማግሌ ኩባዊ አስመጥተው ነበርና፣ ኩባዊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አንድ ሲጋር ለኩሰው እያዞሩ ምን ምን ይላል ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ። አንዱ «ያቃጥላል» አለ፤ ሌላው ሳል ያዘው። ያን ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛ የነበሩት አቶ ኑርሁሴን ሙዓዊያ አንድ ጊዜ ስበው «ወላሂ ይሄ ነገር ሐራም ሐራም ይላል» ሲሉ ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ተራው አቶ ምንተስኖት ዘንድ ሲደርስ፣ ሲንቆራጠጡ የነበሩት ሰው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጭሱን ወደ ሳንባቸው ሳይወስዱ ባፋቸው ይዘው ቆይተው በአፍንጫቸው ለቀቁና እንዲህ አሉ፦ «ሲጀምር የተቆላ ገብስ ነው። መሐሉ ላይ ዝናብ የነካው የሰኔ አፈር ይሆናል። ወደ መጨረሻው የጌሾ ምሬት አለው፤ ምሬቱ ደግ ነው። ግን ከሥሩ የበረት ሽታ አለ። ይሄ ቅጠል ቸኩሎ የወጣ ነው፤ በማቆያ ክፍል ለብዙ ጊዜ አልተኛም።» አስተርጓሚው ይህን እስኪጨርስ ኩባዊው ሽማግሌ ተነሥተው አቀፏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ምንተስኖት የጣዕም ቀማሽ ሆኑ። አቶ ኑርሁሴንም ዓይናቸው ለእሳት ንቁ ሆኖ በመገኘቱ የአነዳድ መርማሪ ተደርገው ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ወጉም እንዲህ ነበር፦ ከየሣጥኑ አንድ አንድ ሲጋር እየወጣ ለሁለቱም ይለኮሳል፤ አንዱ ጣዕሙን፣ ሌላው አነዳዱን ይመዝናል፤ በሣጥኑ ወረቀት ላይ «ጣዕም» በሚለው መስመር አቶ ምንተስኖት፣ «አነዳድ» በሚለው መስመር አቶ ኑርሁሴን ይፈርማሉ፤ ሁለቱ ካልፈረሙ ሣጥኑ ከኮምቦልቻ አይወጣም። ጥሩ ሲጋር እሳቱ ዙሪያውን እኩል ይወርዳል፤ አመዱ ነጣ ብሎ ሁለት ጣት እስኪሞላ ሳይረግፍ ይቆማል። መጥፎው እሳቱ በአንድ ጎን ሮጦ ሌላውን ጎን ጥሎት ይሄዳል። አቶ ኑርሁሴን እንዲህ ያለውን ሲያዩ «ጋሼ፣ ይሄኛው እንደ እርስዎ ነው፤ አንዱ እግሩ ቀድሞ ደሴ ገብቷል» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ዝም በልና አመድህን ጠብቅ» ብለው ይመልሱ ነበር።

ወንድማችን አንድ ሲጋር ነዶ እስኪያልቅ ያለችው አንድ ሰዓት የማትሞላ ጊዜ ብቻ ነበረች ቁጭ የሚሉባት። በዚያች ጊዜ ስልክ አያነሡም፣ ሰላምታ አይመልሱም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ባዶ ዳቦ ቆርሰው ለብ ባለ ውሃ ይጉመጠመጣሉ። በሥራ ቀን በርበሬ የነካው ምሳ ስለማይበሉ ወ/ሮ ሸዋረጋ «አልጫ የሚበላ ወሎዬ አግብቼ ቀረሁ» እያሉ ለጎረቤት ያሙዋቸው ነበር። ሱስ የለብኝም፣ ሥራዬ ነው ይሉ ነበር፤ እውነቱን እንድንጽፍ ታዘናልና ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። እሑድ እሑድ ደሴ ባለው ቤታቸው ሲውሉ መስኮቱን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ዘግተው ይከፍታሉ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ያለ ጉዳይ ወርደው ያለ ጉዳይ ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ሚኒባስ የሚሳፈሩት እሳቸው ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ፣ ሁላችንም በየፊናችን ስንበታተን፣ አቶ ምንተስኖት የቅጠል ማቆያውን ክፍል ቁልፍ እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አስረው ሸሹ። ሲመለሱ ቁልፉ አለ፤ በሩ ግን የለም፤ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ቅጠልም አልተገኘም። ድርጅቱ እንደገና ሥራ ሲጀምር ከአዲስ ቅጠል ነበርና ያልተኛ ቅጠል እንደገና የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወ/ሮ ሸዋረጋ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ ዕድሜ ሳይገፋ ከባለቤታቸው ጋር በሥጋ ወደሙ ተወስነው መኖር። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞላ ግን «ምንተስኖት፣ አፍህን የጭስ መውጫ አድርገህ እንዴት ላቀብልህ? እስቲ መጀመሪያ ሁዳዴን ሙሉ ጭስ ባፍህ ሳታስገባ ጹም፤ በፋሲካ ሁለታችሁን አቆርባችኋለሁ» አሏቸው። ወንድማችንም እሺ ብለው ቃል ገቡ። ይህ በ2016 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን፣ ሰኞ፣ በአንድ ቀን ገቡ። በድርጅቱ ውስጥ በጭስ ላይ መፍረድ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ያን ሰኞ ጾመኛ ሆነው አደሩ።

በሌላው ዓመት የጾሙ ወራት ሳይገባ ቀድመው ቀምሰው ይጨርሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጾሙ ከገባ በኋላ አሥራ ሁለት ሣጥን በአስቸኳይ ይላክ የሚል ትእዛዝ መጣ። አቶ ምንተስኖትና አቶ ኑርሁሴን ተማከሩ። አቶ ኑርሁሴን «እኔ ማታ ካፈጠርኩ በኋላ አጨሰዋለሁ፤ እርስዎ ቀን ቀን በእጅና በአፍንጫ ይዩት» አሉ፤ በዚህ ተስማሙ። አቶ ምንተስኖት ሲጋሮቹን ሳይለኩሱ ዳበሱ፣ አሸተቱ፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው ጫን ጫን አደረጉ። ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ሽታው ከሥሩ የበረት ይመስል ነበር። ነገር ግን ማታ ኑርሁሴን ያጨሰዋል፣ ክፉ ከሆነ እሱ ይይዘዋል ብለው «ጣዕም» በሚለው መስመር «ጥሩ» ብለው በአሥራ ሁለቱም ላይ ፈረሙ። ሣጥኖቹ በሳምንቱ ተላኩ።

ለቁርባን ብለው ጭሱን ቢተዉም፣ በዚያው ጾም ያላጨሱትን አጭሻለሁ ብለው ፈረሙ። ይህ ነገር በሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ መጣባቸው። ፋሲካ ሲደርስ ወ/ሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አጥበው ቢጠብቁ፣ «ሆዴን አሞኛል፣ ለጰራቅሊጦስ ይሁን» አሏቸው። ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ለፍልሰታ አሉ። ወ/ሮ ሸዋረጋ ነጠላውን አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ መለሱት።

በሰኔ ወር ዕቃው ተመልሶ መጣ። እሳቱ በአንድ ጎን ይሮጣል፣ አመዱ ይፈርሳል፣ የከብት በረት ይሸታል የሚል ደብዳቤም አብሮት መጣ። ባለሀብቱ ወረቀቱን ገልጠው «የአነዳዱን የፈረመ ማን ነው?» ሲሉ፣ ከደብዳቤው አብዛኛው ስለ እሳቱ ነበርና አቶ ኑርሁሴን ከሥራ ተሰናበቱ። አቶ ኑርሁሴን መለኮሻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። አቶ ምንተስኖትም ከጠረጴዛው ማዶ ነበሩ። ዝም አሉ። አፋቸው ጭስ የያዘ ይመስል ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ዓመት ከሁለት ወር ለቤተሰቡ ከባድ ነበር። ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጋሩ እጃቸው ላይ ይጠፋባቸው ጀመር፤ ያችም ቁጭ የሚሉባት ሰዓት ተወሰደች። ከተመለሱት ሣጥኖች አንዱን ተሸክመው ቤት አምጥተው አልጋ ሥር አስገቡት። ወ/ሮ ሸዋረጋ «ይህን ሰይጣን ልጣለው?» ቢሏቸው «ተይው፣ ይመሰክርብኝ» አሉ። ጠዋት ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፣ ቀትር ላይ ደሴ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይወርዳሉ፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ «አባባ፣ የረሱት ዕቃ አለ?» እያሉ እስኪጠይቋቸው ድረስ። አቶ ኑርሁሴን በደረቅ ወደቡ በር ላይ ጥበቃ ተቀጥረው ነበር፤ ወንድማችን በአቶ ኑርሁሴን ቤት በኩል ያልፋሉ፤ በሩ ድረስ ይደርሳሉ፤ እጃቸውን ለማንኳኳት አንሥተው ይመለሳሉ።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ደሴ ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ሐኪሞቹም በጉሮሯቸው ላይ ክፉ በሽታ እንዳለ፣ ከጭሱም የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነገሯቸው። በጳጉሜን ከጠበል መልስ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄዱ። ያን ቀን የተባለውን ለቤተሰቡ የነገሩት ራሳቸው አቶ ምንተስኖት ናቸው እንጂ ካህኑ አይደሉም። ቄስ ሞላ፣ የጭሱን ነገር ሊናዘዙ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ ወንድማችን «አባቴ፣ ካጨስኩት ሁሉ ይልቅ ያላጨስኩት ነው የከበደኝ» ብለው የሣጥኑን ነገር ዘረገፉት። ካህኑም «ጭሱን ተው፣ ስገድ፣ ጹም ማለት እችላለሁ። ይህን ግን ባለቤቱ በሕይወት ቆሞ ሳለ እኔ አልፈታውም። ተነሥ፣ እሱ ዘንድ እንሄዳለን» አሏቸው።

በመስከረም መጀመሪያ ቄስ ሞላና ሼህ ጀማሉዲን ሽማግሌ ሆነው ሦስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። በሩን የከፈቱት የአቶ ኑርሁሴን ባለቤት ወ/ሮ ረሂማ ነበሩ፤ ሲያዩዋቸውም «አልሐምዱሊላህ! ዛሬስ አንኳኩ! ሰባት ጊዜ ከደጄ ደርሰው ሲመለሱ በመስኮት ቆጥሬዎታለሁ፤ ስምንተኛውን ወጥቼ ልጎትትዎ ነበር» አሉ። ወንድማችን ከገቡ በኋላ አልቀመጥም ብለው ቆመው፣ በሻከረ ድምፅ፣ ሳያጨሱ መፈረማቸውንና አቶ ኑርሁሴን ሲባረሩ ዝም ማለታቸውን ተናገሩ። «ኑሬ፣ በአንተ ተማምኜ ነው የፈረምኩት፤ አንተ አጭሰህ ተሳሳትክ፣ እኔ ግን ሳላጨስ ዋሸሁ፤ ቅጣቱ የእኔ ነበር» አሉ።

አቶ ኑርሁሴን ራሳቸውን ይዘው ተነሡ። «የምን ማጨስ፣ ጋሼ! ወላሂ እኔም አላጨስኩትም!» አሉ። «ሾርባውን ጠጥቼ፣ በሚጥሚጣ የነደደ ሳንቡሳ በልቼ፣ ምላሴ እሳት ሆኖ ወደ ተራዊህ ሶላት እየሮጥኩ ነበር። ወረቀቱን ባይ የእርስዎ ፊርማ አለ። ጋሼ ምንተስኖት ጥሩ ካሉ፣ ማን ነኝና እለኩሳለሁ ብዬ ጫር አደረግሁት። ስባረር ዝም ያሉት፣ አለማጨሴን አውቀው ላያዋርዱኝ መስሎኝ እኮ፣ ይኸው ዓመት ሙሉ አፍሬ የተደበቅሁዎት እኔ ነኝ!»

ሁለቱ ተያይተው መጀመሪያ ሣቁ፣ ኋላ አለቀሱ፤ የትኛው እንደ ቀደመ ወ/ሮ ረሂማ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሼህ ጀማሉዲን ዱዓ ካደረጉ በኋላ «ሁለት ጾመኛ ተማምኖ ፈረንጁን በረት አሸተተው። ጾማችሁን ይቀበላችሁ፤ ፊርማችሁን ይቅር ይበላችሁ» አሉ፤ ቄስ ሞላም አሜን አሉ።

አቶ ምንተስኖት ግን በዚህ አልረኩም። የተባረረው በሰው ፊት ነው፤ መመለሱም በሰው ፊት ይሁን ብለው፣ በማግስቱ ድርጅቱ ድረስ ሄደው፣ ጠቅላዮቹ ሴቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለባለሀብቱ ተናገሩ። የራሳቸውን ሥራ በዚያው ለቀቁ። ባለሀብቱም አስበውበት አቶ ኑርሁሴንን ወደ ቦታቸው መለሷቸው፤ ዛሬ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጣዕሙንም አነዳዱንም የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ በረመዳን ወርም ምንም ዓይነት ወረቀት አይፈርሙም።

በኅዳር ጽዮን ዕለት አቶ ምንተስኖትና ወ/ሮ ሸዋረጋ አብረው ቆረቡ። ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስጨንቃቸው ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ተቀብለው ዋጡ። ወ/ሮ ሸዋረጋ የታጠፈውን ነጠላቸውን ለብሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ፈጽሞ ተዘጋ። በታኅሣሥ መጨረሻ አቶ ኑርሁሴን ሊጠይቋቸው ደሴ መጡና ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን አዩ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳናጨሰው ልንሞት ነው?» አሉ። አቶ ምንተስኖት ዓይናቸው በራ። ጭሱ ቤት እንዳይገባ አቶ ኑርሁሴን በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ አልጋው ወደ ተዘጋው መስኮት ተጠጋ። ወንድማችን በመስታወቱ አሻግረው እሳቱን ብቻ እያዩ፣ ለወራት ሲገላበጡ የኖሩት ሰው፣ ያን ሲጋር ነዶ እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ። እሳቱ ዙሪያውን እኩል ወረደ። አመዱ ነጣ፤ አንድ ጣት ሆነ፣ ሁለት ጣት ሆነ፣ አልወደቀም። አቶ ኑርሁሴን ጭሱን በአፍንጫቸው ለቀው፣ ቆይተው፣ በመስኮቱ በኩል ጮኸው «ገብስ ነው ጋሼ! የተቆላ ገብስ! በረቱ የለም፣ ጠፍቷል! ሲተኛ ጊዜ ዳነ!» አሉ።

ከዚያ ገብተው፣ ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፎ የቀረውን የያኔውን ወረቀት አውጥተው፣ የራሳቸውን የድሮ ፊርማ ሰርዘው «አነዳድ» በሚለው ላይ እንደገና ፈረሙ። ብዕሩንም ለአቶ ምንተስኖት ሰጥተው «አሁን በእውነት ጥሩ ነው፤ ይፈርሙበት» አሏቸው። ወንድማችን ብዕሩን ተቀብለው፣ ያን «ጥሩ» የሚለውን ቃል በሁለት መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ እንዲህ ጻፉ፦ «አላጨስኩትም። ምንተስኖት ወልደ ሚካኤል።» ከዚያ ተመልሰው ተጋደሙ፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በቀን እንቅልፍ ወስዷቸው ሲያዩ ወ/ሮ ሸዋረጋ ወደ አርባ ዓመት በተጠጋው ትዳራቸው የመጀመሪያው ነበር አሉ። ወረቀቱ አሁን በቤተሰቡ እጅ አለ።

አቶ ምንተስኖት ወልደ ሚካኤል በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ይኸው ዛሬ በአባታቸው በቄስ ወልደ ሚካኤል መቃብር አጠገብ ይቀመጣሉ። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ብዙ ነገር አላቸው፤ እኛ አንገባበትም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሸዋረጋ ተሰማን፣ ልጆቻቸውን ወ/ሮ ነፃነትንና ወ/ሪት ፋሲካን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ወንድምአገኘሁን ትተዋል፤ በራሳቸው ትእዛዝም ከቤተሰቡ ተራ የሚጠሩትን አቶ ኑርሁሴን ሙዓዊያን ትተዋል። ለለቅሶ የደረሳችሁትን፣ በሕመማቸው ጊዜ የጠየቃችኋቸውን፣ ሬሳ ተሸክማችሁ ይህን ዳገት የወጣችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

እኛ በዚህ ወረቀት ላይ ያየነውንና ከአፋቸው የሰማነውን ብቻ ጻፍን። የነፍሳቸውን ነገር ግን አላየነውም፤ ጥሩ ነው ብለን አንፈርምበትም፤ እሱን የሚያውቅ የፈጠራቸው ብቻ ነው። የጎደለውን በቸርነቱ ሞልቶ፣ የቸኮለውን በትዕግሥቱ አብስሎ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መቀመጫ ያጡትን ወንድማችንን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ቦታ ሰጥቶ ያስቀምጥልን። አሜን።